በርሜሉ ውስጥ ስንት በረኪና?

ሸዋ ሮቢት ላይ ለፍራፍሬ ነጋዴዎች፣ ለጭማቂ ቤት ባለቤቶችና ለሆቴል ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ ድግግሞሹ ተቀንሶ የተጻፈ።

እንደምን አረፈዳችሁ። ፀሐዩ ሳይበረታ ብንጀምር ይሻላል፤ የዚህን አገር ቀትር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ አግዳሚውን ሳቡት፣ እናቶች ወደ ፊት ቅረቡ።

የተጠራሁበት ጉዳይ አጭር ይመስላል። ማንጎ፣ ፓፓያና ቲማቲም በበረኪና ውሃ ማጠብ ሰው ይጎዳል ወይ? ጥያቄውን ከነጋዴውም ከጭማቂ ቤቱም ከገዢውም እሰማዋለሁ። መልሱን ግን ሁሉም ለራሱ ሰጥቶ ጨርሶታል። ግማሹ «በረኪና መርዝ ነው፣ ወደ ምግብ አይጠጋም» ይልና ፍሬውን ቦይ ውስጥ ነክሮ ያወጣል። ግማሹ «ካልሸተተ አልጸዳም» ይልና በጆግ ይገለብጠዋል። ሁለቱም ለደንበኛቸው አስበው ነው የሚያደርጉት፤ ክፋት የለበትም። ግን ሁለቱም በረኪናው እዚያ ውሃ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደገባ አላጤኑም።

ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ የእሱ ዝርዝር ነው። በረኪናው በርሜሉ ውስጥ የሚገባው ለውሃው ሲባል ነው። ፍሬውን ያክማል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ወይ ታበዙታላችሁ፣ ወይ ባልሆነ ነገር ትተማመኑበታላችሁ።

እስቲ አስቡት። ጠዋት ከመጣው ማንጎ አብዛኛው ከዛፍ ላይ የተለቀመ ነው። ጥቂቱ ግን በራሱ ረግፎ ከብት ያደረበት መሬት ላይ የተንከባለለ ነው። ሁሉም አንድ ሣጥን ይገባል፣ አንድ በርሜል ውስጥ ይዘፈዘፋል። የረገፈው ማንጎ ይዞት የመጣው እበት ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ከእሱ በኋላ የሚገቡት ሁሉ ንጹሕ ሆነው ገብተው የእሱን ጀርም ይዘው ይወጣሉ። ሳይታጠብ ቢሸጥ ኖሮ ያንን አንዱን ማንጎ የገዛው ሰው ይታመም ነበር። ታጥቦ በመሸጡ ሰፈሩ ይታመማል። በረኪናው ውስጥ ያለው ጀርም ገዳይ፣ ክሎሪን፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ጀርሙ ከአንዱ ፍሬ ተነሥቶ ሌላው ላይ ሳይለጠፍ ውሃው ውስጥ እንዳለ እንዲያስቀረው።

ቀድሞ ልጣጩ ላይ የተጣበቀውን ግን ያን ያህል አይነካውም። በደንብ በተለካ የክሎሪን ውሃ ብታጥቡ በፍሬው ላይ ካሉት 10,000 ጀርሞች ከ100 እስከ 1,000 የሚሆኑት ተርፈው ይቀመጣሉ። የልጣጩ ቀዳዳ፣ የቅንጥቡ ጉድጓድ፣ የተጫረው ቦታ፣ እነዚህ ሁሉ መደበቂያ ናቸው። በንጹሕ ወራጅ ውሃ ብቻ ብታሹት እንኳ አብዛኛው ይሄዳል፤ 10,000 የነበረው 1,000 ገደማ ይሆናል። የመድኃኒቱ ትርፍ ፍሬው ላይ ሲታይ ትንሽ ነው። ትልቁ ሥራው በርሜሉ ውስጥ ነው።

ይህን የሚያሳይ አንድ ክፉ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ካንታሎፕ የሚባለውን ሐብሐብ መሰል ፍሬ የሚያመርት አንድ እርሻ ነበር። ዘመናዊ እርሻ ነው፤ ማሽን አለው፣ ቀዝቃዛ መጋዘን አለው። በዚያ ዓመት የማጠቢያ መሣሪያውን ለወጠ። አዲሱ መሣሪያ ቀድሞ ለድንች ይሠራበት የነበረ ሲሆን ካንታሎፑን ያጠቡበት ውሃ ክሎሪን አልተጨመረበትም። ሊስቴሪያ የሚባለው ባክቴሪያ ማሽኑ ላይና ወለሉ ላይ በተጠራቀመው ውሃ ውስጥ ሰፈረ። 147 ሰዎች ታመሙ፣ 33 ሞቱ። የእርሻው ባለቤቶች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፍሬው ማሳ ላይ ሳለ ደህና ነበር፤ የተበከለው በማጠቢያና ማሸጊያው ቤት ውስጥ ነው። «ታጥቧል» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ዋስትና እንደማይሰጥ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የምግብ ደንብ የሚያወጣው ኮዴክስ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ የንጽሕና ደንብ ላይ ነገሩን እንዲሁ ነው ያስቀመጠው። ጀርም ገዳይ መድኃኒት በግድ ሲያስፈልግ ብቻ፣ ያውም ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፍን ለመቀነስ ይግባ፤ ሲገባ ደግሞ መጠኑ እየተለካ ይሁን ይላል። የንጽሕና ጉድለትን መሸፈኛ አይደለም ማለት ነው። ሠራተኛው እጁን ሳይታጠብ፣ ሣጥኑ ሳይጸዳ፣ በርሜሉ ከሳምንት ሳምንት ሳይፋቅ በረኪና ብቻ ማብዛት ምንም አይፈይድም።

እንግዲህ ወደ መጠኑ እንሂድ፤ ብር የምትቆጥሩ ሰዎች ናችሁና ሒሳብ አይከብዳችሁም። ብዙ አገር ለፍራፍሬ ማጠቢያ የተለመደው ልክ በ1 ሊትር ውሃ ከ50 እስከ 200 ሚሊ ግራም ክሎሪን ነው። ፍሬው ውስጡ የሚቆየው 1 ወይም 2 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ለመጠጥ በሚሆን ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። እኔ ለእናንተ የምመክረው 100ን ነው፤ ቤት ውስጥ ለሰላጣና ለቲማቲም 50 ይበቃል። 200 ማለት ጣሪያው ነው። ሥራ የበዛ ቀን ጣሪያው ላይ መኖር አያስፈልግም።

ገበያ ላይ ያለው ተራ በረኪና ብዙውን ጊዜ ክሎሪኑ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። 5 በመቶ ከሆነ በ1 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 50 ሚሊ ግራም አለ። ስለዚህ ለ10 ሊትር ሳፋ 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ሚሊ ሊትር፣ ለ200 ሊትር በርሜል 400 ሚሊ ሊትር ሲገባ 100 ላይ ያርፋል። መለኪያው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ መርፌውን ጣሉት፣ ቱቦው ብቻ ይበቃል። ለበርሜል ቁጥር የተጻፈበት የፕላስቲክ ጆግ ያዙ።

አንድ ሲኒ በረኪና በሳፋ የሚጨምሩ እህቶች አውቃለሁ። ሲኒው 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። በ10 ሊትር ውሃ ይህ 350 ነው፤ ከጣሪያውም አልፏል። ያ ውሃ ማንጎውን የተሻለ አያጸዳውም። የእናንተን እጅ ግን ይበላዋል። ጣታችሁን ስታሻሹት ሙልጭልጭ የሚለው ነገር አለ አይደል? ብዙ ሰው «በደንብ ጸዳ» ብሎ ይወደዋል። እሱ የቆዳችሁ ቅባት ነው፤ በረኪናው ወደ ሳሙናነት እየለወጠው ነው። ማታ እጃችሁ የሚሰነጠቀውና ሽንኩርት ስትከትፉ የሚያቃጥላችሁ ለዚህ ነው። ጓንት ውድ አይደለም።

አሁን ከባዱ ነገር መጣ፤ በትክክል የለካችሁት መጠን በርሜሉ ውስጥ አይቆይም። ክሎሪን ጀርምን ብቻ ለይቶ አያጠቃም፤ ያገኘውን አፈር፣ የማንጎ ሙጫ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሁሉ ይበላል፣ ሲበላም ያልቃል። ጠዋት 100 የነበረው ውሃ ሦስትና አራት ሣጥን ጭቃ የለበሰ ፍሬ ከገባበት በኋላ ምንም ላይቀርበት ይችላል፤ ደሞዝ ገና ሳይያዝ በዕዳ እንደሚያልቀው ማለት ነው። ሽታው ግን አለ። እንዲያውም ክሎሪኑ ከቆሻሻ ጋር ሲያያዝ የሚፈጠረው ነገር ከንጹሑ ክሎሪን ይልቅ ይሸታል። አፍንጫችሁን የምትከተሉ ከሆነ ውሃው ጥርስ የሌለው በሆነበት ሰዓት «ገና ብርቱ ነው» ትላላችሁ።

ስለዚህ ፍሬው ወደ መድኃኒቱ በርሜል ከመግባቱ በፊት አፈሩ ይውረድ። ሁለት በርሜል ቢኖራችሁ፣ የመጀመሪያው አፈር ማውረጃ፣ ሁለተኛው የመድኃኒቱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከቧንቧ ወይም ከጆግ የሚወርድ ማለቅለቂያ ይሆናል። የመጀመሪያው ውሃም ንጹሕ መሆን አለበት። ከብት የሚጠጣበት የመስኖ ቦይ ውሃ ለማጠቢያ አይሆንም፤ ለሮቢ ወንዝም ቢሆን ይኸው ነው። ውሃው ሲደፈርስ ይደፋ፤ በላዩ ላይ በረኪና እየጨመሩ ማዋል የለም።

ልኩን የሚነግራችሁ የመለኪያ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ውሃ ነክቶ ቀለም ይለውጣል፣ ቀለሙን ከማሸጊያው ሥዕል ጋር ታስተያዩታላችሁ። ስትገዙ እስከ 200 የሚያነብ መሆኑን እዩ። ምክንያቱም የመጠጥ ውሃ መለኪያ የሆነው፣ ውሃውን ሮዝ የሚያደርገው ክኒን፣ የተሠራው ለትንሽ መጠን ነው። ብዙ ክሎሪን ሲያገኘው ሮዙን ቀለም ራሱን ያነጣዋል። ሰውየው ውሃውን ያያል፣ ቀለም የለም፣ «ክሎሪን የለውም» ይላል፣ ይጨምራል። እንደገና ያያል፣ አሁንም የለም፣ አሁንም ይጨምራል። ቀለም የጠፋው ክሎሪን ስለበዛ ነበር።

ስለ አቼቶ ደግሞ ረጋ ብዬ መናገር አለብኝ፤ ከሁሉም ነገር ይልቅ የምፈራው እሱን ነውና። «በረኪና ላይ አቼቶ ወይም ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ይበረታል» የሚል ወሬ በየወጥ ቤቱ አለ። ወሬው የማይሞተው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። በረኪና ውሃ ውስጥ ሲገባ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ሃይፖክሎረስ አሲድ ይባላል፣ ጀርም ገዳዩ እሱ ነው። ሌላኛው ከእሱ እጅግ የደከመ ነው። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነቱ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውሃው ይኮመጥጣል። ፒኤቹ 6.5 ሲሆን ከክሎሪኑ 90 በመቶ ያህሉ ብርቱው ነው፣ 7.5 ላይ ግማሽ በግማሽ፣ 8.5 ላይ 10 በመቶ ገደማ ብቻ። በረኪና ደግሞ በራሱ የውሃውን ፒኤች ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ትልልቅ ማሸጊያ ቤቶች መለኪያ መሣሪያ ይዘው፣ ባለሙያ ቆሞ፣ በጣም በቀጠነ ውሃ ውስጥ ጥቂት አሲድ ጨምረው ፒኤቹን ከ6.5 እስከ 7.5 ባለው ውስጥ ያቆዩታል።

ወጥ ቤት ውስጥ ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ያልቀጠነ በረኪና ላይ አቼቶ ሲፈስ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂግ ውስጥ በጦር ሜዳ በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ራሱ ነው። መስኮት በሌለው ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ከአንድ ብርጭቆ ቢገናኝ ሳንባ ያቃጥላል። አስም ያለበት ሰውማ በትንሹም ይወድቃል። ስለዚህ ምርጫ እንጂ ቅልቅል የለም፤ በአቼቶ ውሃ ማጠብ የፈለገ በአቼቶ ይጠብ፣ በበረኪና የፈለገ በበረኪና። ለሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ አሞኒያ ላለበት የመስታወት ማጽጃ ሕጉ ያው ነው፤ ከበረኪና ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ አይገናኙም።

ቀጥሎ ያለውን የሮቢት ሰው በተለይ ይስማኝ። ማንጎው ከሰዓት በኋላ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲበላው ይውላል፣ እጅ ያቃጥላል። ከዚያ ከጉድጓድ በወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይከተታል። ደብረ ሲና ላይ ሲሆን ደግሞ ውሃው በረዶ ነው። ምን ይሆናል? ፍሬው ውስጥ ያለው አየር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል። ሲሸማቀቅ በቅንጥቡ በኩል ውጪ ያለውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ውሃው ጀርም ካለው ጀርሙ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ብትልጡትም ብታለቀልቁትም፣ የፈለጋችሁትን ያህል በረኪና ብታደርጉም አታገኙትም።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በ13 ግዛቶች ሰዎች ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ ታመሙ። ሲጣራ ከብራዚል የመጣ ማንጎ ሆኖ ተገኘ። ማንጎው የፍሬ ዝንብ እንዳይዝ ተብሎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ልብ በሉ፤ ሙቅ ውሃው የገባው ለመልካም ነገር ነው፣ በኬሚካል ፈንታ ነው። ቲማቲም ላይም ይኸው ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ምክሩ የማጠቢያው ውሃ ከፍሬው ውስጥ በ5 ዲግሪ ገደማ ይሙቅ የሚል ነው። እናንተ ግን ውሃ ማሞቅ አይጠበቅባችሁም። ፍሬው ጥላ ውስጥ ይዋል፣ ሌሊቱን ይቀዝቅዝ፣ ጎሕ ሲቀድ ይታጠብ። ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መኪናም የሚጫነው በዚያው ሰዓት ስለሆነ አይጋጭባችሁም።

ጭማቂ ቤቶች፣ እናንተ ደግሞ «እኔ ልጣጩን እጥላለሁ» ትሉኛላችሁ። ስፕሪስ ስትሠሩ አቮካዶውን ሳታጥቡ በቢላ ስትሰነጥቁት ቢላው ልጣጩ ላይ ያለውን ይዞ ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ማንጎው፣ ከማንጎው ወደ ፓፓያው። በጾም ወራት ስንት ብርጭቆ እንደምትሸጡ እናንተ ታውቃላችሁ። የሚላጥም ፍሬ ሳይላጥ በፊት ይታጠባል። ጭማቂው ውስጥ የምትጨምሩት ውሃና በረዶ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ውስጥ የማጠቢያው መጠን ፈጽሞ አይገባም። የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ ክሎሪን በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ ነው። የማጠቢያችን ውሃ የዚህ 20 እጥፍ ነው። ስለዚህ ነው ማለቅለቁን እንደ ተጨማሪ ሥራ አታዩት የምለው። ለመጠጥ ውሃ እንደ ውሃ አጋር ያለው መድኃኒት አለ፣ መጠኑም ላዩ ላይ ተጽፏል።

በረኪና ስለማይሠራው ነገርም ላውራ። የወስፋት እንቁላልን አይገድልም። አሜባና ጃርዲያም በዚያ ደቂቃ ውስጥ አይበገሩለትም፤ ቅርፊታቸው ጠንካራ ነው። ስለዚህ በወንዝ ዳር የለማ ሰላጣና ካሮት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከበረሳ ዳር የመጣውም ቢሆን፣ ዋናው መድኃኒቱ ቅጠል በቅጠል እያሹ በሚወርድ ውሃ ማጠብ ነው፤ ከሁሉም የሚሻለው ማብሰል ነው። ሰላጣ በበረኪና ዘፍዝፌ አሜባ ያዘኝ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትደነቁ።

ጸረ ተባይንም አያጥብም። ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ምን ያህል እንደሚረጭ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዳንዱን እንዲያውም ያባብሰዋል። ማላታይን ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ ማላኦክሰን ወደሚባል ነገር ይለወጣል፣ እሱ ከማላታይን የባሰ መርዝ ነው። የጸረ ተባይ መፍትሔው ማሳ ላይ ነው፤ ከተረጨ በኋላ እስኪለቀም የሚጠበቀውን ቀን መጠበቅ። ነጋዴው ገበሬውን «መቼ ረጨህ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ቢያወጣ ከአንድ በርሜል በረኪና ይበልጣል።

በዱቄት ሳሙናና በፈሳሽ ሳሙና ፖምና ማንጎ የሚያጥቡም አሉ። ይቅር። የፍሬ ልጣጭ ቀዳዳ አለው፣ ሳሙናውን ይጠጣዋል፣ ልብስ እንደሚለቀለቅ አይለቀለቅም። ሽቶ ያለው ወይም ወፈር ያለ በረኪናም እንዲሁ፤ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታልና ለወለል ይሁን።

«ካንሰር ያመጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አለ፤ በዝርዝር ልመልስ፣ ሰውን በባዶ ማረጋጋት አልወድም። ክሎሪን ቆሻሻ ካለበት ውሃ ጋር ሲገናኝ ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ፣ አንዱ ክሎሮፎርም ነው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገሮች በመጠጥ ውሃ ላይ ጣሪያ አበጁለት። ክሎሮፎርምን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። በረኪናውን ራሱን ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲመረምር ካንሰር ያመጣል ለማለት የሚበቃ ነገር አላገኘም። የእናንተ ድርሻ ግልጽ ነው። ውሃው ሲቆሽሽ ነገሩ ይበዛል፣ ውሃው ሲለወጥ ይቀንሳል፣ ፍሬው ሲለቀለቅ ቀሪው አብሮ ይሄዳል። ጭቃ ውሃ ላይ በረኪና እየደራረቡ ማዋል የሚጎዳው በሁለት በኩል ነው፤ ጀርሙም አይሞት፣ ያልተፈለገውም ይፈጠራል።

ከዚህ ይልቅ ለአገራችን የሚያሳስበኝ ክሎሬት ነው። በረኪና በቆይታ ብዛት ይደክማል፤ ሲደክም ከሚተካው ነገር አንዱ ክሎሬት ነው። ክሎሬት ሲበዛ ሰውነታችን አዮዲን እንዳይወስድ ያውካል። የመንዝና የጣርማ በር ሰው አዮዲን ሲያንስ ምን እንደሚመጣ ከእኔ መስማት አያስፈልገውም፤ እንቅርት ያለባቸውን አያቶች አይተናል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2020 በምግብ ላይ የክሎሬት ጣሪያ ያወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። በረኪናን ቶሎ የሚያበላሸው ደግሞ ሙቀትና ብርሃን ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር መበላሸቱ ከ3 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ደብረ ብርሃን ላይ ወራት የሚቆየው በረኪና እዚህ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ግዙ፣ የተመረተበትን ቀን እዩ፣ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አኑሩት፣ ብረት ዕቃ ውስጥ አታስገቡት። ደክሟል ብሎ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ደግሞ ክሎሬቱን እጥፍ ማድረግ ነው፤ የደከመው ለወለል ይዋል።

ስለ አቀማመጡ አንድ ነገር ብቻ፣ ግን ከልቤ። በረኪና በሃይላንድ ላስቲክ እየተቀዳ ሲሸጥ አያለሁ። ውሃ ይመስላል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል፣ ልጅ ጠምቶት ይመጣል። የራሱ ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ውስጥ ካልሆነ አትግዙ፣ አትሽጡ። ልጅ ከጠጣው አፉን በውሃ አጉመጥምጡት እንጂ እንዲያስመልስ ጉሮሮውን አትኮርኩሩ፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ዕቃውንም ይዛችሁ ሂዱ። ዓይን ውስጥ ከተረጨ 15 ደቂቃ ሙሉ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ነው መኪና የሚፈለገው።

የውሃ አገልግሎቶች የሚጠቀሙበት ነጭ የክሎሪን ዱቄት በየሱቁ እየተቆነጠረ መሸጥ መጀመሩን የነገራችሁኝ ነበራችሁ። እሱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ነው፤ ከበረኪናው 13 እና 14 እጥፍ ይበረታል። ለ200 ሊትር በርሜል 30 ግራም ገደማ ነው የሚበቃው፣ እሱም በሚዛን። ዱቄቱ ወደ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃ ዱቄቱ ላይ አይፈስም። ከናፍጣ፣ ከማዳበሪያ፣ ከሌላ ዓይነት የክሎሪን ክኒን ጋር አንድ መጋዘን አይገባም፣ እሳት ያነሣልና። እውነቱን ለመናገር ሚዛን የሌለው ሰው ባይነካው እመርጣለሁ።

ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱን ብቻ እዚህ ልጨምር።

አንዲት እናት «ልጄ፣ እኛ ድሮ በሎሚና በጨው ነበር የምናጥበው፤ እሱስ ምን አለው?» አሉኝ። እማማ፣ ምንም የለውም። ጨውም ሎሚም ጀርም በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ለቤት ለጥቂት ፍሬ ከንጹሕ ውሃና ከማሸት ጋር ይበቃል። በርሜል ሙሉ የሚያጥብ ነጋዴ ግን የሚያስፈልገው ውሃው ውስጥ ያለውን በሰከንድ የሚገድል ነው፤ ሎሚ ያን ያህል አይፈጥንም።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት ውጭ አገር ክሎሪን እየተተወ መሆኑን ሰምቶ ነበር። እውነት አለው። ጀርመንና ኔዘርላንድስን የመሰሉ አገሮች ተከትፎ ለሚሸጥ አትክልት ክሎሪን አይፈቅዱም። አሜሪካኖች ክሎሪንም ይጠቀማሉ፣ ፐርአሴቲክ አሲድም በሊትር እስከ 80 ሚሊ ግራም ይፈቅዳሉ፤ እሱ ሲፈርስ አቼቶና ኦክስጅን ነው የሚሆነው፣ ጭቃም እንደ ክሎሪን አያሸንፈውም። ግን ዋናው ፈሳሽ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ነው፣ ለአያያዙ ሥልጠና ይፈልጋል። ክሎሪን የተዉት አገሮች ደግሞ የቧንቧ ውሃቸው ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ መጋዘንና መጓጓዣ አላቸው። አተት በሚነሣበት አገር፣ ውሃው በሚቋረጥበት ከተማ፣ የእነሱን ክልከላ ብቻ ቀድቶ የእነሱን ውሃ አለመቅዳት አያዋጣም።

የመጨረሻው የጋሼ ነበር፤ «የተጠቀምንበትን ውሃ የት እንድፋው?» ብለው። ወንዝ ውስጥ አይደለም፤ ዓሣውንም ሌላውንም ይጨርሳል። ችግኝ ሥርም አይደለም። በርሜሉን ክዳኑን ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ ብትተዉት ብርሃኑ ክሎሪኑን ይበላዋል፤ በማግሥቱ ወረቀቱን ነክራችሁ ምንም ካላነበበ ከጉድጓድና ከምንጭ ራቅ ያለ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። በርሜሉን ደግሞ ውስጡን በብሩሽ ፋቁት፤ ግድግዳው ላይ የሚያሙለጨልጭ ነገር ካለ ነገ የምትጨምሩትን ክሎሪን መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው።

አሁን ግቢው ውስጥ ሁለት በርሜልና አንድ ሣጥን ቲማቲም አለ። ስሪንጁን የያዛችሁ ኑ፣ ጓንት ያላደረገ ግን አይጠጋም።